አባቴ ከመንገድ ያመጣው ዜማ

ሰው ከንፈሩን ገጥሞ በአፍንጫው ሲያንጎራጉር ስሰማ ዛሬም አንገቴ ሳላስበው ወደ ድምፁ ይዞራል። ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ሰው መኖሩን ረስተው ሳይሆን አይቀርም፣ እንዲያ ሲያንጎራጉሩ አዳምጣለሁ ብዬ መውረጃዬን አለፍኩት። አባቴ እንደዚያ ነበር የሚያንጎራጉረው። ጭነት ሲያስር፣ የበቅሎ ኮቴ ሲመለከት፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሲሄድበት ዜማው ብቻውን ከውስጡ ይወጣ ነበር። እሱ ራሱ አይሰማውም፤ እኛ ግን ከዜማው የት ደርሶ እንደመጣ እናውቅበት ነበር።

አባቴ ሲራራ ነጋዴ ነበር። እሪ በከንቱ፣ ከዳገቱ ሥር እንኖር ነበርና ከአራዳ ገበያ ጨርቅ፣ መርፌና ሻማ ገዝቶ፣ በበቅሎና በአህያ ጭኖ ወደ ወሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ቅቤና ማር ይዞ ይመለሳል። እናቴን ያገኛትም በዚሁ ንግዱ ነው። የወረኢሉ ልጅ ነበረች፤ አግብቷት አዲስ አበባ ካመጣት ወዲህ አገሯን አላየችም። ያ መንገድ ልጅ ላቀፈች ሴት የሚሞከር አልነበረም፣ እሷም ከአንዱ ልጅ ሌላውን እያቀፈች ዓመቱ አለፈባት። ስለዚህ እሷ ወደ አገሯ ካልሄደች አገሯ ወደ እሷ ይምጣ ተባለ፤ የሚመጣውም በአባቴ አፍ ነበር።

ይህ በቤታችን እንደ ሕግ ያለ ነገር ሆኖ ነበር። አባቴ ከመንገድ ሲገባ እግሩ ይታጠባል፣ ራቱን ይበላል፣ ከዚያ እናቴ ፊት ለፊቱ ትቀመጥና «እንግዲህ ምን ይዘው መጡ?» ትለዋለች። የምትጠይቀው ቅቤውንና ማሩን አልነበረም። እሱም ከሠርግ ቤት፣ ከአጫጆች ደቦ፣ ከአዝማሪ የለቀመውን አንድ ባንድ ይዘፍንልናል። ድምፁ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሚያስመካ አልነበረም። ከአጥር ማዶ የሚኖሩት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ «ከሰውየው በቅሎዋ ትሻላለች» እያሉ ይስቁበት ነበር። ጆሮው ግን አንዴ የያዘውን አይለቅም። የሚስተው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከፍ ማለት ያለበትን ዝቅ ያደርገዋል፣ እናቴም «እዚያ ላይ አይወርድም፣ ይወጣል» ብላ ወዲያው ታቃናለታለች። ዜማው ከተቃና በኋላ የቤታችን ይሆናል፤ እናቴ ጥጥ ስትፈትል ታዜመዋለች፣ እኔ ውሃ ስቀዳ እደግመዋለሁ፣ የወሎ ልጅ የሆኑት እትዬ ዘይነባም ከአጥሩ ማዶ ይቀበሉናል። በረመዳን ደግሞ የእሳቸው መንዙማ ወደ እኛ ግቢ ይሻገርና እናቴ እንዝርቷን እያሾረች፣ ቃሉን ሳትይዝ በዜማው ብቻ አብራ ትወዛወዝ ነበር።

ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ስለሚሞሉ አባቴ ቤት ይውላል፤ ቤት መዋል ደግሞ አያውቅበትም ነበር። አንድ ክረምት ዛሬ ፒያሳ በሚባለው በኩል አንድ አርመን ነጋዴ ሱቁ ደጃፍ ላይ ባለ ትልቅ አፍ የሸክላ ማጫወቻ አስቀመጠና አራዳ ተንጋጋ። አባቴ እጄን ይዞ ወሰደኝ። ሰዉ በዝናብ ቆሞ ያዳምጣል፤ ከሳጥኑ በስተኋላ ዞሮ ዘፋኙን የሚፈልግም አልጠፋም። እኔ ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። አባቴ ሸክላው እስኪያልቅ ቆሞ አዳመጠ፤ ቤት ስንገባ እናቴ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው።

«ዘፋኙ ጎበዝ ነው፤ ግን አንዴ አልሳለም፣ አንዴ ውሃ አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ሰው አላምንም» አላት።

ይህን ብሎ በማግስቱ ተመልሶ ሄደ፣ በማግስቱም እንዲሁ። ክረምቱን ሙሉ ደጃፉ ላይ ሲቆም ከርሞ፣ መስቀል አልፎ ወንዙ ሲጎድል ጭኖ ወጣ።

የዚያን ዓመት የተመለሰው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ገባ፣ እግሩ ታጠበ፣ ከራቱ ትንሽ ቀማመሰ። እናቴ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና እንደ ልማዷ ጠየቀችው።

«ዘንድሮ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት። ጉንፋን ይዞኝ ጉሮሮዬ ተዘግቷል» አላት፤ ቀና ብሎም አላያትም።

ጉንፋን አልነበረም። ወረኢሉ ሲደርስ አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ተቀብራ ለቀስተኛው ገና ከድንኳኑ አልተነሣም ነበር፤ እሱም አብሮ ተቀምጦ፣ አስለቅሶ፣ እርም አውጥቶ ነው የመጣው። መርዶ ግን እንደ ሌላ ወሬ ከደጅ እንደገቡ የሚነገር አይደለም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ የነፍስ አባት ይጠራሉ፣ ማለዳ ላይ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ከተዘጋጀ በኋላ ይነገረዋል። አባቴ ከመግባቱ በፊት ጉለሌ ለሚኖሩት ለእናቴ የአጎት ልጆች ልኮባቸዋል፣ ለእትዬ ዘይነባም በሹክሹክታ ነግሯቸዋል፤ ለቅዳሜ ማለዳ ተቀጥሯል። እስከዚያ ከእሱ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነበር።

በአፉ ዝም አለ። ዓርብ ረፋድ ላይ ግን ግቢው ውስጥ ተቀምጦ የተቀደደ የጭነት ኮርቻ ሲሰፋ፣ ከወረኢሉ ጀምሮ በየዳገቱ አብሮት የመጣው ዜማ ከንፈሩ እንደተገጠመ በአፍንጫው ወጣ። እናቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። እንዝርቷ ቆመ።

«ይሄን ከየት አመጡት?»

አባቴ ቀና አለ። «የቱን?»

«አሁን የሚያንጎራጉሩትን።»

«እንጃ፤ ገበያ ላይ ሰምቼው ይሆናል።»

«ሙሾ ገበያ አይወጣም» አለች እናቴ። «ይሄ የኛ አገር ሙሾ ነው። እርስዎም በማያውቁት ሰው ለቅሶ ተቀምጠው ዜማ አይለቅሙም። ማን ነው የሞተብኝ?»

አባቴ በርሃና ሽፍታ የማያስደነግጠው ሰው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ዓይኗን ሸሽቶ ወደ ስፌቱ ጎነበሰ። እትዬ ዘይነባ ከአጥሩ ማዶ ሰምተው ኖሮ በበሩ መዞሩን ትተው በአጥሩ ሽንቁር ሾልከው ገቡና፣ እናቴን ከኋላዋ ወገቧን ጥርቅም አድርገው ያዟት።

«ይንገሯት እንጂ! ከእንግዲህ ምን ሊደብቁ ነው?» አሉት።

«በላይነሽ፣ እናትሽ ናቸው» አለ አባቴ።

ጉለሌዎቹ በዚያው ቀን እየሮጡ መጡ። ድንኳን ተተከለ፣ ጎረቤቱ ሞላ፣ አባቴ ላይም የወቀሳ ናዳ ወረደበት። «መርዶ እንዲህ ይነገራል? ሰው አፉን መያዝ እንዴት ያቅተዋል?» ይሉት ነበር፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። የሁሉም ጭንቀት ግን እናቴ ነበረች። አላለቀሰችም። ሴቶቹ ደረት ሲደቁ እሷ መሬት በተነጠፈው ጥጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗ ደርቆ የድንኳኑን ምሰሶ ታያለች። እህል አልቀመሰችም፤ ለምትጠባው ታናሽ እኅቴ ጡቷ ወተት ነሣ። እትዬ ዘይነባ «እንባው ካልወጣላት እጃችን ላይ ትቀራለች» ሲሉ ሰምቼ እኔም የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ፤ እናቴ የምትሞትብኝ መሰለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ድንኳኑ ሰው እንደሞላ፣ እናቴ ድንገት አባቴን ጠራችው።

«እኔ አልቀበርኳትም፣ አፈር አላለበስኳትም። እርስዎ ለቅሶዋ ላይ ነበሩ። የተባለላትን ይበሉልኝ» አለችው።

ሰዉ ተያየ። ከጉለሌዎቹ አንዱ «ወንድ ልጅ ሙሾ ሲያወርድ የት ታይቷል? ይተው፣ መሳቂያ አይሁኑ» አለ። አባቴ ነጠላውን አገልድሞ ተነሣና፣ በዚያ በማያምር ድምፁ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ አልቃሿ ያለችውን ጀመረ።

«ላላፊ አግዳሚው ስንቅ ስትቋጥርለት፣
ዛሬ ራሷ ሄደች፣ ማን ስንቅ ቋጠረላት?»

ሁለተኛውን ስንኝ እንደ ልማዱ ወደ ታች ጣለው። እናቴ «አይወርድም» አለች። ድምፅዋ በጭንቅ ነበር የወጣው። «አይወርድም፣ ይወጣል» አለችና ራሷ ተቀብላ ወደ ላይ ስታወጣው፣ እዚያው ከፍታው ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። ሴቶቹ ተቀበሏት። አባቴ ቆሞ ሌላውን ስንኝ ይነግራታል፣ እሷ ታወጣዋለች፣ ድንኳኑ ይመልሳል፤ የወረኢሉ ለቅሶ እሪ በከንቱ ላይ እንደ አዲስ ተለቀሰ። ያን ዕለት ማታ እናቴ አጥሚት ጠጣች፣ እኅቴም ጠባች። መሳቂያ ይሆናል ያለው ዘመዳችን ሲሄድ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

የኀዘኑ ዓመት እስኪያልፍ በቤታችን አልተዘፈነም። አባቴ በሚቀጥለው በጋ ሄዶ ሲመለስ እናቴ ስለ መንገዱና ስለ ሰው ጤና ብቻ ጠየቀችው፣ እሱም ያንኑ ብቻ መለሰ። የአያቴ ሙት ዓመት ከወጣ በኋላ በመጣ ጊዜ ግን እግሩን እያጠበች፣ ራቱ እስኪቀርብ እንኳ ሳትታገሥ፣ «ምን ይዘው መጡ?» አለችው፤ እኛ ልጆቹም ደስ ብሎን እርስ በርስ ተጎሻሸምን።

ዛሬ ቤቴ ራዲዮ አለ፤ ቁልፉን ሳዞረው የወሎው፣ የጎንደሩ፣ የሱዳኑ ዘፈን ማንም ሳይደክምለት ይመጣል፤ ደስ ይለኛል፣ ድሮ ይሻል ነበር ብዬም አላማርርም። እናቴ የሞተች ጊዜ እኔ ድሬዳዋ አስተማሪ ነበርኩ። የነገረኝ ስልክ ነው፤ መስመሩ ስለሚቆራረጥ ደዋዩ ሁለቴ እየጮኸ ደገመልኝ። በባቡር ስደርስ ቀብሩ አልፏል፣ አባቴም ከእሷ ቀድሞ አርፏል። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ምን እንደተባለላት ሰዉን አንድ ባንድ ጠየቅሁ። አንዱ ብዙ ሰው ነበር አለኝ፣ አንዷ አልቃሿ በጣም አስለቀሰችን አለችኝ፣ ሌላዋም እንዲሁ። ስንኙን ግን የያዘልኝ ሰው አልነበረም።