ለመሸጥ የቀባሁት ጊታር

የመኪና ቀለም ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እስከ ዛሬ ትንሽ ያመኛል። እንጀራዬ ያው ቀለም ነው፤ ዛሬም አጅማን ሆኜ መኪና እቀባለሁ። የሚያመኝ በአንድ አሮጌ ጊታር ምክንያት ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሻርጃ፣ ሙዋይለህ ሰፈር ቤድ ስፔስ፣ ብዙ ሰው ባለበት ክፍል አንድ አልጋ፣ ተከራይቼ አጅማን አል ጁርፍ ካለ ጋራዥ እየተመላለስኩ እሠራ ነበር። ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው፣ በተከራየነው የጸሎት አዳራሽ ጊታር የሚመታልን ወንድም ነበር። ሚስቱ አገር ቤት ወልዳለች፤ ሴት ልጁን ከስልክ ውጪ አይቷት አያውቅም።

አንድ ቀን አጅማን ካለ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ኤሌክትሪክ ጊታር ገዝቶ መጣ። ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ እንጨቱ ወጥቷል። ተዘግቶ የከረመ ቁም ሳጥን ይሸታል። ባለሱቁ ምን እንደያዘ አላወቀም፤ ጊታሪስቱ ግን ገና ሲያየው ልቡ ዘሎ ኖሮ፣ ፊቱ እንዳያሳብቅበት የምንጣፍ ዋጋ ሲጠይቅ ቆየ።

«ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ይህን ሸጬ ኸላስ፣ በቃኝ፣ አገሬ ገብቼ ልጄን አቅፋለሁ» አለኝ። ዱባይ ካለ የአሮጌ ጊታር ገማች ጋር ለቅዳሜ ቀጠሮ ያዘ።

እኔ ደግሞ ውለታ ልውልለት አሰብኩ። በእኛ ሙያ መኪና ሊሸጥ ሲል መጀመሪያ ቀለም ይቀባል። ሐሙስ እሱ ሥራ ላይ ሳለ ጊታሩን ጋራዥ ወሰድኩት፤ ክሮቹን ፈትቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስከ እንጨቱ ፍቄ፣ ከአንድ መኪና የተረፈ ቀይ ቀለም ረጨሁበት። የከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት መልኬን አየሁበትና ኮራሁ። ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ጊታሪስቱ ሲያየው የእኔ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ለእኔ ብለህ ነው?»

«አዎ፣ ጥሩ ዋጋ እንዲያወጣልህ ብዬ።»

ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ክሮቹን አንድ በአንድ መልሶ ማሰር ጀመረ።

ቅዳሜ አብረን ሄድን። ጥፋቴ የገባኝ እዚያ ነው። ሽማግሌው ገማች የኋላ ክዳኑን ፈትቶ ሽቦዎቹን ሲመረምር ቆየና ተነፈሰ። «ጊታሩ እውነተኛ ነው። ዋጋው ግን አሮጌው የፋብሪካ ቀለሙ ነበር፤ አሁን ረክሷል። ማነው እንዲህ ያደረገው?»

አፌን ስከፍት ጊታሪስቱ እግሬን በእግሩ ጫን አደረገው። «እኔ ነኝ» አለ። ሽማግሌው እንደ ሞኝ አየው፤ እሱ ግን አመስግኖት ጊታሩን አነሳ።

አውቶቡስ ውስጥ እንባዬ መጣ። «ተው እንጂ፣ ቀለሙ እኮ ያምራል» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አገሩ ሳይገባ ሁለት ዓመት ቆየ፤ በቀዩ ጊታር ዘመርን። ልጁ «አባ» ማለት የጀመረችው በስልክ ነው። አጠገቡ ነበርኩ፤ በኀፍረት ተነስቼ ልወጣ ስል እጄን ይዞ አስቀመጠኝ። ስልኩን ከጆሮው ወደ ጆሮዬ አዞረና «ስማት እስቲ» አለኝ።