ከፕላኔቱ ሥር የቆመችው እናቴ

እናቴ ቤት መሄድ እወዳለሁ፤ ሳሎኗ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ግድግዳዋ ላይ እኔ የሠራሁት ሥዕል አለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ተነሥታ ወደ ሥዕሉ ትሄዳለች፤ እኔ ደግሞ ስልክ ተደወለልኝ ብዬ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። አይደወልልኝም።

ሚሊኒየሙ በተከበረ ሰሞን ሶዶ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሥራዬ በኮምፒውተር የሰው ፎቶ ጀርባ መቀየር ነው። ሙሽሮቹን ፏፏቴ አጠገብ አቆማለሁ፤ ተመራቂውን የዱባይ ፎቅ ሥር። ሰዉ ይወደዋል፤ እኔን ግን አንገሽግሾኝ ነበር። እኔ የምፈልገው ማንም ያልረገጠው ዓለም ነው፤ ባዶ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ማዶ ተራራ፣ ከተራራው ጀርባ ግማሹን ሰማይ የሚሞላ ፕላኔት። ደንበኛ ሲጠፋ እሱን እሠራለሁ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ አባቱ ከስልጤ መጥተው ሶዶ ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ ወሬ የማያልቅበት ተረበኛ ነው። አንድ ቀን በትከሻዬ በኩል ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ወይ ጉድ! ይሄ ፕላኔት ነው ወይስ ሰማይ ላይ የተሰፋ ቁልፍ?" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ግን እውነቱን ነው። የፕላኔቱ ጠርዝ ከመጠን በላይ ስል ነው፤ ጥላ ያረፈበት ጎኑ ከሰማዩ ይጠቁራል፤ ይባስ ብዬ ከፊቱ ኮከብ በትኛለሁ። በሩ ላይ ቆሜ ከከተማው በላይ ያለውን የዳሞታ ተራራ ሳየው ነው ጥፋቴ የገባኝ። ጭጋግ በበዛበት ጠዋት ተራራው ጥቁር አይደለም፤ የሰማዩን ቀለም ይይዛል፣ ግርጌው ጨርሶ ይጠፋል። ሩቅ ያለ ነገር ለካ በመሃል ያለውን አየር ሁሉ ይለብሳል። ኮከቦቹን አጠፋሁ፤ ጥላውን በሰማዩ ቀለም ሞላሁት፤ የፕላኔቱን ግርጌ ጭጋጉ ውስጥ አሟሟሁት። ፕላኔቱ ራቀልኝ፤ ግን አልገዘፈም። ትልቅነቱ እንዲታይ ከሥሩ ዓይን የሚያውቀው አንድ ትንሽ ነገር መቆም አለበት፤ ከሰው የተሻለ ደግሞ አላገኘሁም።

በዚያው ሰሞን እናቴ ፎቶ አንሣኝ እያለች ትነዘንዘኝ ነበር። የሟቹ አባቴ ፎቶ ሳሎን ውስጥ ብቻውን ተሰቅሏል፤ ከጎኑ የሷ እንዲሆን ትፈልጋለች። ከመታወቂያዋ በቀር ፎቶ የሚባል የላትም። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ደርሶ ነበርና፣ ሥዕሌንም ለበዓሉ ኤግዚቢሽን ተቀብለውኝ ነበርና፣ "ሥዕሌ ውስጥ አስገባሻለሁ፤ ሰው ሁሉ ያይሻል፤ ከዚያ ቤትሽ ትሰቅይዋለሽ" አልኳት። ደስታዋን አልረሳውም።

አረካ መንገድ ላይ ካለው ቤቷ በጠዋት መጣች፤ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫውን የወላይታ የባህል ልብስ፣ ዱንጉዛ ለብሳ፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ። "እግሬን እንዳትቆርጠው" አለችኝ። እኛ ዘንድ እግር የሌለበት ፎቶ ሰውየውን ጎደሎ ያደርገዋል፤ ለዚሁ ብላ አዲስ ጫማ ገዝታለች። ፈገግ ስትል ጉንጯ ስርጉድ አለ፤ አነሣኋት።

ከዚያ አሳነስኳት። ክንድ ስታክል ፕላኔቱ ኳስ መሰለ፤ አውራ ጣት ስታክል ትንሽ ተሻለ። የጤፍ ፍሬ ልታክል ስትቃረብ ግን ፕላኔቱ ከተራራው ጀርባ ተነሣ! ጮቤ ረገጥኩ። ያ ተረበኛ እንኳ አፉን ይዞ ቀረ። ዱንጉዛው ቀይ ነጥብ ሆኗል፤ ፊት የለም፣ ስርጉድ የለም። ፋይሉን እንደዚያው አስቀምጬ በትልቅ ወረቀት አሳተምኩት። ዋናው ፎቶዋ የነበረበት የካሜራው ካርድ ለሠርግ ተፈልጎ ተጠረገ፤ እኔም ምንም አልመሰለኝም።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ሰው ሥዕሌን ከቦ "አቤት! አቤት!" ይላል፤ እኔ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። እናቴ እህቷንና ጎረቤቶቿን አስከትላ ገባች። ጫማዋን አድርጋለች። ሥዕሉን ከላይ አየችው፣ ከታች አየችው፣ ዳር ዳሩን ፈለገች። "የታለሽ?" አለቻት እህቷ። እናቴ እኔን እንዳታሳፍረኝ ብላ፣ "የኔው ሌላኛው ይሆናል" አለች። ወደ ነጥቧ ጠቆምኩ። አንዱ ጎረቤቷ ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ይቺ ጉንዳን?" ብሎ ሳቁን ለቀቀው፤ የከበበውም ሰው አብሮ ሳቀ።

እናቴ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ጠጋ ብላ በወላይትኛ፣ ቀስ ብላ፣ "እግሬ ገብቷል?" አለችኝ።

"ገብቷል።"

"እሰይ፤ ተባረክ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ፎቶ ላንሣሽ ብዬ ያልለመንኩበት በዓል የለም፤ "አለኝ እኮ፤ ምን ያደርግልኛል?" ትላለች። ሥዕሉን በሚኒባስ ጭና ወስዳ ከአባቴ ጎን ሰቀለችው። እንግዳ ሲመጣ ጣቷን ታሳርፍበትና፣ "ይቺውላችሁ፤ እኔ ነኝ። ልጄ ነው የሠራው" ትላለች።

ባለፈው ፋሲካ እሷ ጓዳ ስትገባ ሳሎኑ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ፤ እንደ ምንም ራሴን አጀግኜ ወደ ሥዕሉ ተጠጋሁ። ፕላኔቱ እንደ ድሮው ነው፤ ጭጋጉም፣ ተራራውም። ወረቀቱ መስታወት የለውም፤ ጣቷ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተፍቆ አልቋል፤ ቀይ ነጥቧ የለችም፤ ነጭ ወረቀት ብቻ ነው።

"አገኘኸኝ?" አለችኝ ከጓዳ።

"አዎ እማ" አልኳት፤ "አለሽ።"