ካርታው ላይ ነጭ የቀረችው ምንጭ

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። ከዚያ በፊትም ሰው አታሎኝ ያውቃል። ይህን ግን የማልረሳው አንድ ልጅ የከዳኝ ቃሉን ጠብቆ ስለሆነ ነው።

የምኖረው ከገለጉ ከተማ ወዲያ፣ ቆላው ውስጥ ነው፤ ጫካ ገብቼ ቀፎ እሰቅላለሁ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አጋዘን ሊያጠና መጥቶ መንገድ መሪ ሲፈልግ ሰዎች ወደ እኔ ላኩት። አጋዘን ያየንበትን፣ ኮቴና በጠጥ ያገኘንበትን ሁሉ በጂፒኤስ ይመዘግባል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ያንን ከዛፉ፣ ከውሃውና ከሙቀቱ ጋር አያይዞ ለአጋዘን የሚመቸውን ቦታ በካርታ ያወጣል አለኝ።

"ሳተላይትም ያግዘናል ጋሼ" ሲለኝ፣ "ታዲያ ሳተላይቱ ካየ የእኔን እግር ምን አለፋው?" ብዬ አሳቅሁት። ቤቴ ነበር የሚያድረው። ባለቤቴ "ልጄ" ትለው ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት ከሽመሉ፣ ከቆላው ቀርከሃ ጫካ ጀርባ ያለችውን ምንጭ አሳየሁት። በበጋ ሌላው ውሃ ሁሉ ሲደርቅ አጋዘኖቹ ግልገሎቻቸውን ይዘው የሚጠጡት እዚያ ነው። ለማንም አሳይቼ አላውቅም። አዳኝ እንዳይሰማ ፈርቼ፣ "ይህቺን አትመዝግባት፣ አደራ" አልኩት።

ጂፒኤሱን ፊቴ አጠፋው። "እናቴ ትሙት፣ አልመዘግባትም" አለኝ። ደስ ብሎኝ ማር አስይዤ ሸኘሁት።

በዓመቱ ቀፎዬን ለማየት ስሄድ ትራክተር ሽመሉን ሲገፋው ደረስኩ። ቦታው ለሰሊጥ እርሻ ተሰጥቷል። "የአጋዘን ውሃ ነው!" እያልኩ ወረዳው የመሬት ቢሮ ድረስ ሄድኩ። አንዱ ሠራተኛ ካርታ ዘረጋልኝ።

"አባቴ፣ አረንጓዴው ለአጋዘን የሚመቸው ነው። የእርስዎ ቦታ ነጭ ነው፤ አይመችም ማለት ነው። ተጠንቶ እኮ ነው።"

ከካርታው ግርጌ የልጁ ስም ነበር። እዚያው በር ላይ ቆሜ ደወልኩለት።

"ቃሌን ጠብቄያለሁ ጋሼ፤ ያሉኝን ነው ያደረግሁት" አለ።

"ካልተመዘገበች ነጭ እንደምትሆን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ያኔ ሳትነግረኝ?"

"ብነግርዎ ሐሳብዎን ይቀይራሉ፣ በዚያ በኩል ያለው ጫካም እንደ አዲስ ይጠናል ብዬ ነው። መመረቂያዬ ደርሶብኝ ነበር።"

ስልኩን ዘጋሁት። አንዲት ቃል ቢተነፍስ እኮ "መዝግባት" እለው ነበር! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ምንጯ ዛሬ ማሳ መሀል ናት፤ አጋዘኖቹ የት እንደገቡ አላውቅም።

በቀደም ደግሞ አንዲት ተማሪ መጣች። ጨዋ ልጅ ናት። በበጋ የማይደርቅ ሌላ ውሃ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አውቃለሁ። ብትመዘግበው አዳኝ፣ ባትመዘግበው ትራክተር ይመጣብኛል። "ጠዋት እነግርሻለሁ" አልኳት።

ዛሬ ሦስተኛው ጠዋት ነው።