ጥፍር በምታህል ካርድ የገባው ሰርግ

የመን፣ ኤደን ከተማ፣ ክሬተር በሚባለው ሰፈር «አበዛሽ የት ናት?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሲዞር ይውላል እንጂ አያገኛትም። «ኡሙ ካሜራ» ያለ እንደሆነ ግን ዓሣ ሻጩም፣ የሚኒባሱ ረዳትም በሯን በጣታቸው ያሳዩታል። የካሜራ እናት ማለት ነው። ልጅ ስላልወለደች ያወጡላት ስም ነበር፤ እሷ ግን ከፍቷት አያውቅም። «እንዲህ ያለች ልጅ ማን ይሰጠኛል? አታለቅስ፣ አትቀየም፣ ባትሪዋን ከጠባች ሌላ ነገር አትጠይቅ!» ትልና ትስቃለች።

እንጀራዋ የሴቶች ሰርግ መቅረጽ ነበር። ኤደን ውስጥ የሴቶች ሰርግ የሴቶች ብቻ ነው፤ ወንድ ዝር አይልበትም። ዐባያውም ኒቃቡም በር ላይ ይወልቃል። ካሜራ ያለው ስልክም እዚያው በር ላይ ዘንቢል ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ የውስጡን ወርቅ፣ የተተኮሰውን ጸጉር፣ ያንን ሁሉ ጭፈራ እንድታይ የሚፈቀድላት አንዲት ዐይን ናት፤ የአበዛሽ ካሜራ። ፊልሞቹን በቆርቆሮ ሣጥን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ፊልም ወንድ እጅ ገብቶባት አያውቅም።

ይህ የሆነው ሰሜንና ደቡብ የመን ከተዋሐዱ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው፣ ሻይማ ያገባች ጊዜ ነው።

የሻይማ አባት የመናዊ ነው፤ እናቷ ድንቅነሽ የድሬዳዋ ሴት። ሻይማ በዘጠኝ ዓመቷ ከአባቷ ጋር ባሕሩን ተሻገረች። እናቷ «እከተላችኋለሁ» ብላ ነበር፤ ወረቀቱ ዛሬ ነገ ሲል አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። ለሰርጉም አልደረሰችም። ሙሽራዋ ሻይማ ሂና በተቀባ እጇ የአበዛሽን እጅ ይዛ፣ «ኻላ፣ አክስቴ፣ እናቴ ትየኝ። ካንቺ ሌላ ስጦታ አልፈልግም» አለቻት።

አበዛሽ «ታይሻለች» አለች። አፏ ከራሷ የቀደመ ሴት ነበረች።

ችግሩ የመጣው ቆይቶ ነው። ፊልሙ የሁለት ሰዓት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲገለበጥ አራት ጊጋ ሆነ። የድንቅነሽ ቤት ዲስክ የሚያጫውት ነገር የለም። ቪዲዮ ቤት ወስዳ ታሳይ እንዳይባል፣ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሊያይ ነው። ያላት ሻይማ የላከችላት ስልክ ብቻ ነው፤ እሱም የሚቀበለው ጥፍር የምታህል ካርድ ናት። የካርዷ ሆድ ደግሞ ግማሽ ጊጋ። መልእክት የሚያደርሰው ያህያ፣ የሽቶ ነጋዴው፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከተዋሂ ወደብ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ድሬዳዋ ይገባል። ያ ካለፈ መቼ እንደሚመለስ አላህ ነው የሚያውቀው።

ሐሙስ ዕለት አበዛሽ የኮምፒዩተር ዕቃ ወደሚሸጠው ወደ ራሺድ ሱቅ ሄደች።

«አራት ጊጋ ግማሽ ጊጋ ውስጥ?» አለ ራሺድ። «ያ ኻላ፣ ግመሉን ቡና ብርጭቆ ውስጥ ላስተኛው ነው የምትይኝ? ግድ የለም፣ ፊልሙን አምጪውና ቶሎ እጨርስልሻለሁ።»

«አንተ ፊልሙን ትጨርሰዋለህ፣ ሴቶቹ ደግሞ እኔን ይጨርሱኛል።»

ራሺድ ሳቀና አንድ ሲዲ አወጣ። «እዚህ ውስጥ ሦስት ፕሮግራም አለ። ሦስቱም ፊልም ይቀይራሉ፣ ያሳንሳሉ። ለአንቺ የቱ እንደሚሻል ለመምረጥ ፊልሙን ትንሽ ባየው...»

«እንዳታየው!»

«አላየሁም፣ አላየሁም! ይህን ብቻ ያዢ። የቆመ ነገር ቦታ አይበላም። ቦታ የሚበላው የሚንቀሳቀስ ነው። የቀረጽሽው ግድግዳ ከሆነ በቀላሉ ይገባልሻል።»

«ሰርግ ነው እኮ ወለዲ፣ ልጄ! ግድግዳውም ሲጨፍር ነበር።»

ዓርብ ከምሳ በኋላ ላይላ መጣች። የሻይማ ጓደኛ ናት፤ ኮምፒዩተር ተምራለች። አበዛሽ የፕሮግራሞቹን የእንግሊዝኛ ስም ማንበብ ስለማትችል በሥዕላቸው ጠራቻቸው፤ ብርቱካኑ፣ መቀሱ፣ አረንጓዴው ቀስት። ገና የመጀመሪያውን ሳይከፍቱት በሩ ተንኳኳ። የሙሽራው እናት ኡሙ ሙንተሰር ነበሩ፤ ከኋላቸው ሻይማና ሰባት ስምንት ሴት ተከትለዋቸዋል። ክሬተር ወሬ አያሳድርም።

«አበዛሽ!» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ፊቴን በያህያ ኪስ ባሕር ልታሻግሪው ነው አሉ?»

«ሀጃ፣ ያህያ ላያይ ምሏል።»

«ስልክ አለው?»

«አለው።»

«ዐይን አለው?»

«አለው።»

«እንግዲያ መሐላው ምን ያደርግልኛል? የልጄን ሚስት እናት አላስከፋም፤ ፊልሙ ይዘጋጅ። ግን ሳይወጣ በፊት እኔ አየዋለሁ። ፊቴን ካወቅሁት ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ሻይማ ከንፈሯን ነከሰች። አበዛሽ «እሺ ሀጃ» አለች፤ ሌላ ምን ትበል?

ላይላ ብርቱካኑን ከፈተች። ለሙከራ ከፊልሙ ትንሽ ቀየረችና አጫወተችው። ይሄኔ ቤቱ በእልልታ ተናጋ! ብርቱካኑ ምስሉን ከጎን ጨምቆ፣ ሴቱን ሁሉ የቴምር ዛፍ አስመስሎት ነበር።

«ወገቤ! ወገቤን እዩልኝ!»

«ይቺ እኔ ነኝ? ወላሂ እኔ ነኝ! ላይላ፣ ይሄ ይሁን!»

ኡሙ ሙንተሰር ብቻ ተቆጡ። «መጥረጊያ አደረገኝ እኮ! ይህን ሁሉ ዓመት የበላሁት ሩዝ የት ገባ?»

«ለማንኛውም አይገባም» አለች ላይላ። «ሲያልቅ ዘጠኝ መቶ ሜጋ ይሆናል ይላል።»

መቀሱ ተከፈተ። ይኸኛው ደግሞ ከላይ ተጭኖ ወደ ጎን ዘረጋቸው። ወጣቶቹ ጮኹ፤ የኡሙ ሙንተሰር ፊት ግን በራ። «ማሻአላህ! ይሄስ ሴት ያውቃል!» ነገር ግን መቀሱ ያልተገዛ፣ ለሙከራ ብቻ የሚሠራ ነበርና፣ ስሙን በቀይ ምስሉ መሐል ለጠፈ። አምስተኛው ደቂቃ ላይም ቀጥ አለ፤ ልክ ሀጃ ሊጨፍሩ ከመቀመጫቸው ሲነሡ።

«የተረገመ!» አሉ። «ዝጊው!»

ቀረ አረንጓዴው ቀስት። ምስሉን አልጨመቀም፣ አልዘረጋም። ሴቶቹ ቀረብ ብለው ሲያዩ ቆዩና አንዷ፣ «ይሄማ እኛኑ ነው ያወጣው» አለች፤ ያን ጊዜ እስኪያነቡ ሳቁ።

«ቀስቱ ይሻላል» አለች ላይላ። «ፊት እንደጠራ ሊገባ ጥቂት ነው የቀረው። አራት ደቂቃ ብንቆርጥለት ይበቃዋል። እዚህ ጋ፣ ሻይማና ጓደኞቿ በአረንጓዴ ቀሚስ ሲጨፍሩ፣ ኻላ እጅሽ ተንቀጥቅጧል። ምስሉ ሁሉ ይዘልላል፤ ቦታውን የበላው እሱ ነው። እንቁረጠው።»

አበዛሽ ፊቷ ቀላ። «እሱ አይቆረጥም።»

«የተበላሸ እኮ ነው፣ ኻላ።»

«አይቆረጥም አልኩሽ!»

«የላይኛዋ ጎረቤቴ ጭፈራ ይቆረጥ» አለች አንዷ። «ያንቺ ይቆረጥ፣ ጭፈራ ነው ወይስ ጉንዳን ወሮሽ?» አለች ሁለተኛዋ። በዚህ መሐል መብራት ድርግም አለ። ማራገቢያው ቆመ፤ ሙቀቱ ገባ። ሴቶቹ በየኒቃባቸው እየተራገቡ፣ እየተሳደቡ፣ እየሳቁ ወጡ። ያን የመሰለ ሳቅ ዛሬ በዚያ ቤት ይኖር ይሆን? ማን ያውቃል።

ላይላ ቅዳሜ ጠዋት ስትመለስ አበዛሽ ወስና ጠበቀቻት። «አንዲት ደቂቃ አትቀነስ። ጥራቱ ይውረድ።»

«ፊት ይጠፋል።»

«ይጥፋ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ነገር ነው ስሟ የተጠራው፤ አበዛሽ ያነሳችው ፊት ቅንድቡ ይቆጠራል እየተባለ።

ቀስቱ ጥራቱን ሲያወርድ እንደ ኤሊ ሄደ። ሠላሳ ፐርሰንት፣ ሠላሳ አንድ። ሁለቱም ማራገቢያውን አጥፍተው በላብ ተጠመቁ፤ መብራቱ እንዳይቆጣባቸው የፈሩ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት። የቀትር አዛን ሲሰማ መቶ ሞላ። ካርዷም ዋጠችው።

ኡሙ ሙንተሰር ከሴቶቹ ጋር ተመልሰው መጡና መነጽራቸውን አድርገው ካርዷ ከገባችበት ስልክ ፊት ተቀመጡ። ሴቶቹ ከትከሻቸው በላይ ተደራረቡ። በስልኩ ላይ የቀለም እንክብል የመሰለ ነገር ይዘልላል፤ ቀይ፣ ወርቅማ፣ አረንጓዴ።

«የታል እኔ?» አሉ።

«ያቺ ቀይዋ ናት፣ ሀጃ።»

«እሷማ መጋረጃዋ ናት!»

«መጋረጃ ይጨፍራል እንዴ?»

«ማራገቢያ ካለ ለምን አይጨፍርም?»

ከዚህም ከዚያም እየዘለሉ ሦስት ጊዜ መልሰው አዩት። አንዲትም ሴት ራሷን ያገኘች የለችም፤ ሁለት ሴቶች በአንድ ወንበር ምስል ተጣሉ፤ ሁለቱም «እኔ ነኝ» አሉ። በመጨረሻ ኡሙ ሙንተሰር መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። «ያህያ ቀርቶ የወለደኝ አባቴ ቢያየኝ አያውቀኝም! ይሂድ፣ በሰላም ይሂድ!»

እልልታው ቀለጠ። ሻይማ ብቻ ወደ አበዛሽ ጠጋ ብላ ሹክ አለቻት፣ «ኻላ፣ እናቴስ? አሥራ አንድ ነን በአረንጓዴ። እሷስ እኔን ታውቀኛለች?»

አበዛሽ የያህያ ሰዓት እንዳያልፍ ተነሣች። ካርዷን በጨርቅ ቋጥራ በሚኒባስ ተዋሂ ወረደች፤ ያህያ እጅ ላይ አስቀምጣም፣ «ይህች ከጠፋች አንተም ጥፋ» አለችው።

ዘጠኝ ቀን አለፈ። አበዛሽ ሌላ ሰርግ ስትቀርጽ ልቧ ከእጇ ጋር አልነበረም። ለእናት ጉም ልኬላት ይሆን እያለች ከራሷ ጋር ትሟገታለች። በአሥረኛው ቀን ሻይማ የሚጮህ ስልክ ይዛ እየሮጠች መጣች፤ ከኋላዋ ኡሙ ሙንተሰር ቁና ቁና እየተነፈሱ።

«እማ ናት! ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ፣ ስሚያት!»

«ልጄን አየኋት!» ይላል የድንቅነሽ ድምፅ፤ ግማሹ ሳቅ፣ ግማሹ ልቅሶ። «ጎረቤቶቼ ይህን ደመና ምን ታያለሽ ይሉኛል። እነሱ ምን ያውቃሉ! የቀሚሷን ጫፍ በግራ እጇ ሰብስባ የምትዘልለው አይደለችም? በልጅነቷ የወንዙን አሸዋ ስትሻገር እንዲሁ ነበር። ከሺህ መሐል አላጣትም!»

ሻይማ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

ኡሙ ሙንተሰር አማርኛውን በሻይማ ቃል በቃል ካስተረጎሙ በኋላ፣ «ስለ እኔስ ምን አለች?» ሲሉ ጠየቁ።

«አንዲት ቀይ መጋረጃ አለች፣ ከሁሉ አብልጣ የምትጨፍር» አለች ድንቅነሽ። ሀጃ አንገታቸውን ቀና አድርገው ዙሪያውን አዩ።

«ቀራጯን አቅርቡልኝ» አለ ድምፁ። «እኅቴ፣ እጅሽን ያምሻል እንዴ? ልጄ ጋ ስትደርሺ ፊልሙ ይንቀጠቀጣል።»

ሁሉም አበዛሽን አዩዋት። ሃያ ዓመት ሙሉ ካሜራዋን እንደ ዓለት ይዛ የቆመች ሴት፣ አሁን እንደ ልጅ አፈረች።

«አያመኝም» አለች። «እሷን ሳይ አላስቻለኝም። እየጨፈርኩ ነበር።»

ከባሕሩ ማዶ ሳቅ ፈነዳ። ከዚያ እልልታ መጣ።

«እኔም እኮ እዚያው ቦታ ስደርስ ነው ተነሥቼ የምጨፍረው! የጎረቤቴን ስልክ አልዘጋውም፣ ፊልሙን በራሴው ስልክ ልክፈተው፣ አንቺም ተነሺ!»

አበዛሽ ካሜራዋን ትራሱ ላይ አስቀመጠቻት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠችና ተነሣች።