በተውሶ ያማረ ትምህርት ቤት

መምህር ሙላቴ ከአንበሳሜ ከተማ በላይ ባለች መንደር ብዙ ዓመት አስተምሯል። ትምህርት ቤቷ አንዲት የሣር ክዳን ቤት ነበረች፤ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ከውጭ ይልቅ ውስጥ ይበረታል። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስከ ሦስተኛ ክፍል ይማራሉ። አራተኛን የፈለገ አንበሳሜ ይውረድ፤ ሴት ልጁን ያን ያህል መንገድ የሚሰድ ወላጅ ግን አልነበረም። ከሁሉም ጎበዟ የሺ፣ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የአቶ ወርቁ ልጅ፣ ያን ዓመት ሦስተኛን ልትጨርስ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። መንግሥት ለአውራጃው ትምህርት ቤቶች ቆርቆሮና የማሠሪያ ገንዘብ ሊያከፋፍል ሆነና፣ ችግር የባሰበትን የሚለይ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባለ። ሙላቴ ደስ አለው። ድርሻቸው ከመጣ ሌላ ክፍል ይሠራል፣ አራተኛም ይከፈታል፣ የሺም ትማራለች።

አቶ ወርቁ ግን የሰሙት እንግዳ ይመጣል የሚለውን ብቻ ነው። አገሬውን አስወጥተው ግድግዳውን በእበት አስለቀለቁ፣ ክዳኑን በአዲስ ሣር አስለበሱ፣ ከየቤቱ አግዳሚና በርጩማ አስመጡ።

«አያ ወርቁ፣ ይተዉት እንጂ! ችግራችንን ይየው» አለ ሙላቴ።

«ምን ነካህ መምህር? ገመናችንን ለባዳ ገልጠን እናሳይ? እንግዳ ድንጋይ ላይ አስቀመጡ ልንባል ነው?»

ተቆጣጣሪው በጠራራ ፀሐይ መጣ። አግዳሚው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና ዙሪያውን አየ። ፊቱ ፈካ።

«ጓድ መምህር፣ የጎደላችሁ ምንድን ነው?»

ሙላቴ አፉን ከፈተ። አቶ ወርቁ በታጠበ ጋቢያቸው ቆመዋል፤ መንደሩ ሁሉ ከኋላቸው ሆኖ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። እነዚህን ሰዎች እንግዳ ፊት ማዋረድ አቃተው።

«ደህና ነን» አለ።

ቆርቆሮውም ገንዘቡም ለሌላ ትምህርት ቤት ሆነ። ሰውየው ያየውን አይቶ ፈረደ፤ በምን ይከሰሳል? በርጩማው በማግስቱ ወደየባለቤቱ ተመለሰ። ሙላቴ መቼም እናደዳለሁ ብሎ ጠበቀ፤ አልተናደደም። አዘነም አይባል። ውስጡ ደንዝዞ ቀረ፤ ጠዋት ተነሥቶ ያስተምራል፣ ማታ ይተኛል።

መስከረም ሲጠባ የሺ የምትገባበት ክፍል አልነበረም። ጥር ላይ ተዳረች።

አቶ ወርቁ ሙላቴን ከሽማግሌዎቹ መሐል አስቀመጡት። «ብላ እንጂ መምህር! ያንተም ልጅ እኮ ናት» አሉት።

የሺ ተሸፋፍና በቅሎ ላይ ወጣች፤ ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ይዘዋት ሄዱ። ሙላቴ የቀረበለትን በላ። ወጡ ጥሩ ነበር።