የአዱኛ ካርድ

ልጄ ትዕግሥት ባሕር ዳር በአንድ የአትክልት እርሻ የሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ ናት። ባለፈው እሑድ ልትጠይቀኝ ጎንደር ስትመጣ ከማንጎ ጋር አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዛ መጣች። ምሳ እንደበላን ጠረጴዛውን ጠርጋ ዘረጋችው፤ አዋጅ፣ የአዋጁ ማሻሻያ፣ መመሪያ፣ መመሪያውን የሚያብራራ ሌላ መመሪያ። በቢጫ ቀለም እያሰመረች ታጉረመርማለች። «አባባ፣ ያለፈውን በቅጡ ሳንይዘው ተቀየረ እኮ! አንዱን አንብቤ ሳልጨርስ ሌላው ይደርሳል» አለችኝ። ሳቅሁባት። ሳቄ ግን ብዙም አልቆየም። ከገጾቹ በአንዱ ላይ «በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት» የሚል ርዕስ አየሁና በእጄ የያዝኩት ማንጎ ሳይላጥ ቀረ።

እኔም በወጣትነቴ እንደ እሷ ከሕግ ወረቀት ጋር ስሯሯጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ በደርግ ዘመን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ስፈልግ ከሽንፋ ወንዝ ማዶ በነበረ አንድ የመንግሥት እርሻ በሠራተኛ ጉዳይ ጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ቢሮዬ ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ስለነበር ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ እስክሪብቶው ራሱ ይግላል። ምሳችን የማሽላ ገንፎ በወይቃ፣ ማለት በባምያ ወጥ፣ ነው። ደገኛ ነኝና መጀመሪያ ሰሞን ወይቃው ጣቴ ላይ እየተዝለገለገ ፊቴን ያስጨማድደኝ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላኝ ግን ያለ ወይቃ የበላሁ አይመስለኝም። በላዩ ላይ ከሱዳን በኩል የሚመጣውን ከርከዴ እንጠጣለን፤ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ጥላ ላይ ስለምናቆየው በዚያ ሁሉ ሙቀት ጥርስ ያቀዘቅዝ ነበር። እንዲያ ያለ መጠጥ ዛሬ ፍሪጅ እያለኝም አላገኘሁም።

አዲሱ የሠራተኛ አዋጅ ከወጣ ጥቂት ዓመታት ቢሆነውም እኛ ጋ ገና መድረሱ ነበር። አዋጁን ተከትሎ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርኩላር በላይ በላዩ ይመጣል። ቀደም ሲል ለአጨዳ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች፣ በቆላው አጠራር ሳሉጎችን፣ «አያ እገሌ ከነሰዎቹ» ብሎ መመዝገብ ይበቃ ነበር። አሁን እያንዳንዱ በስሙ ይመዘገባል፤ ካርድም ይሰጠዋል። ለእኔ ይህ ታላቅ ነገር ነበር። ሰርኩላሮቹን በሲባጎ እየጠረዝኩ፣ ቁጥራቸውን በቃሌ እየያዝኩ፣ በምሳ ሰዓት ሳይቀር እጠቅስ ነበር። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ «ጓድ ሰርኩላር» የሚል ስም አወጣልኝ። ሊያሾፍብኝ ነው ያወጣው፤ እኔ ግን በልቤ ደስ ይለኝ ነበር።

ችግሩ ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሽንፋ ይሞላል፤ መንገዱ ዋልካ ይሆናል፤ ወረቀትም ሰውም አይመጣም። ከዚያ የመጀመሪያው መኪና ሲገባ የአራት ወር ፖስታ በአንድ ጆንያ ዱብ ያደርግብኛል። ያ ደግሞ ሰሊጥ የሚደርስበት ሰሞን ነው። ሰሊጥ ቀጠሮ አይሰጥም። ቆቡ አንዴ ከደረቀ አፉን ይከፍትና ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፈዋል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን አለቃውም፣ ሾፌሩም፣ ወጥ ቤቷም የሚያስቡት ስለ ሰሊጥ ብቻ ነው። እኔም ከጆንያው ላይ ላዩን ያገኘሁትን ሦስት አራት ሰርኩላር አነበብኩና የቀረውን ከጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጥኩት። አጨዳው ሲያልፍ አነበዋለሁ አልኩ።

ካነበብኳቸው አንዱ ባለፈው ዓመት ሠርተው ካርድ የያዙ ቅድሚያ ያግኙ ይላል። ወሬው እንዴት ቀድሞ ደጋ እንደደረሰ እግዜር ይወቀው፤ ሰዎቹ ካርዳቸውን በጨርቅ ቋጥረው ከጎጃም መጡ። አያ ይስማው የሚባሉ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ የአገራቸውን ልጆች እየመሩ መጡ። ከልጆቹ አንዱ ጎረምሳ «አዱኛ» የሚል ካርድ ሰጠኝ። ስሙን ስጠይቀው ትንሽ ቆይቶ «አዱኛ» አለኝ። የቆየው በድካም ነው ብዬ ምልክት አደረግሁለትና አለፈ።

በሳምንቱ አንድ ጠዋት፣ ከአንድ ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ፣ ሰዎቹን ጭኖ ወደ ማሳው የሚሄደው የትራክተር ተሳቢ ዋልካው ላይ ተንሸራተተ። ሌሎቹ ዘለው ወረዱ። ያ ጎረምሳ ሲዘል እግሩ ከጎማው ሥር ገባ። በቃሬዛ አምጥተው ቢሮዬ ፊት ለፊት ከግራሩ ጥላ አሳረፉት። የጤና ረዳቱ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ «ይኼ ከእኔ በላይ ነው፤ ዛሬውኑ ጎንደር ይግባ» አለ። የእርሻው ላንድሮቨር ቆማለች። የመተማው ተወላጅ ሐሰን፣ ሾፌራችን፣ ሞተር አስነሥቶ ይጠብቃል። ሥራ አስኪያጁ ጎንደር ለስብሰባ ስለሄደ የመኪናው መውጫ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። ቅጹን አውጥቼ «አዱኛ፣ ዕድሜ አርባ» ብዬ ከመዝገቡ መገልበጥ ጀመርኩ።

ጎረምሳው ክርኑን ተመርኩዞ ቀና አለ። «ጌታው፣ እንደሱ አይጻፉኝ» አለኝ።

«ለምን?»

«አዱኛ ታላቄ ነው። እኔ ታምሬ ነኝ። ምናልባት መንገድ ላይ ብሞት፣ አዱኛ ሞተ ብለው እናቴን ያረዷታል። እሱ ደግሞ ቤቷ ተኝቶ አለ።»

ታላቅየው ወባ ጥሎት ስለቀረ ካርዱን ለታናሹ ሰጥቶ ልኮታል። አያ ይስማው ነገሩን ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር፤ ሊደብቁኝም አልፈለጉም። «ወንፈል አይደል እንዴ!» አሉኝ ተገርመው። «ቀኑ የደረሰ ሰው ቢታመም ወንድሙ ይወጣለት የለም? በእኛ አገር ይህን ማን ዋሸ ይለዋል?» እውነታቸውን ነው። በአገራቸው በደቦና በወንፈል ሲሠራ የጎደለውን ሰው ቦታ ወንድሙ ይሸፍናል። ካርዱንም የተረዱት እንደዚያ ነበር፤ የሰው ሳይሆን የቤት ተራ መስሏቸዋል።

እኔ ግን ጓድ ሰርኩላር ነኝ። «አያ ይስማው፣ አንቱ አያውቁትም እንጂ ካርድ ለሌላ አይተላለፍም። በሌላ ሰው ካርድ የገባ እንደ ድርጅቱ ሠራተኛ አይቆጠርም፤ በድርጅቱ መኪናም አይሄድም» አልኳቸው። ከቁጥሩ ጋር ነው የነገርኳቸው። ልቤ ግን ስለተረበሸ ሥራ አስኪያጁን በሬዲዮ ልጠይቅ ሄድኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ቆይቼ ሞከርኩ፤ አሁንም ስብሰባ ላይ ናቸው። ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት አለፈ። ሐሰን ሞተሩን አጥፍቶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ታምሬ አልጮኸም። ውኃ ሲሰጡት ይጠጣል፤ ግራሩን ሽቅብ ያያል። ቢጮኽብኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ አያ ይስማው ገብተው ከፊቴ ቆሙ። ተቀመጡ ብላቸው እንቢ አሉ።

«ልጄ» አሉኝ በዝግታ፣ «ካርዱስ የአዱኛ ነው፤ አልተጣላንም። እግሩስ የማን ነው ይላል ወረቀትህ?»

ተቆጣሁ። «ቆይ በጽሑፍ ላሳይዎት» ብዬ ጎንበስ አልኩና ከጠረጴዛዬ ሥር ያለውን ጆንያ መዘርገፍ ጀመርኩ፤ ሰውዬውን ዝም የሚያሰኝ አንድ ጠንከር ያለ አንቀጽ ፍለጋ። ያልከፈትኳቸውን ፖስታዎች ቀዳደድኩ። ሦስተኛው ላይ፣ እኔ ከጠቀስኩት በኋላ የተጻፈ አንድ ገጽ አገኘሁ። በድርጅቱ ሥራ ላይ እያለ የተጎዳ ማንኛውም ሰው፣ ምዝገባው ጉድለት ቢኖረውም፣ በቅድሚያ ይታከም፤ የምዝገባው ጉዳይ ኋላ ይታይ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወረቀቱ ያን ሁሉ ሰዓት ከእግሬ ሥር ነበር።

ለአያ ይስማው አላነበብኩላቸውም፤ አፈርኩ። ወጥቼ ቅጹን ለሐሰን ሰጠሁት። «ኻላስ?» አለኝ፣ አበቃ ወይ ማለቱ ነው። «አበቃ፣ ሂድ» አልኩት። ስሙን «ታምሬ» ብዬ ጽፌዋለሁ። ታምሬ መኪናው ላይ ሲጫን እጄን ያዘና «አዱኛ ካርዱን ይነጠቅ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። ያሳሰበው እሱ ነበር። ትራክተሩ ላንድሮቨሯን በሰንሰለት እየጎተተ ዋልካውን አሻገራትና ወደ ሸሕዲ መንገድ ወጣች።

ሐሰን በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። የታምሬን እግር ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆርጠውታል። «ሐኪሙ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሐሰን የመኪናውን ጎማ እያየ «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ አለ» አለኝ። ወዲያው ደግሞ አዘነልኝ መሰለኝ «ሐኪም ሁልጊዜ እንዲህ ይላል፣ ተወው» ብሎ ጨመረ። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጓድ ሰርኩላር ሲሉኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አምስቱ ሰዓት ባይባክን እግሩ ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም።

በዓመቱ፣ ሰሊጡ ሲደርስ፣ አንድ የአርባ ዓመት ሰው በጨርቅ የተቋጠረ ካርድ ይዞ ፊቴ ቆመ። አላውቀውም፤ ካርዱን ግን አወቅሁት። አዱኛ ነበር።

«ታምሬ ያልጨረሰውን ቀን ልጨርስለት ነው የመጣሁ» አለኝ።

ታምሬ እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት። ደህና ነው፣ በምርኩዝ ይሄዳል፣ ቁጭ ብሎ የበሬ ጠፍርና ጅራፍ ይሠራል አለኝ። ከዚያ ያስታወሰው ነገር እንዳለ ሁሉ ቀና ብሎ «ያን መኪና የሰጠኝን ጸሐፊ አመስግንልኝ ብሎሃል» አለኝ። ሰው ሰድቦኝ ያውቃል፤ በደርግ ጊዜ ስብሰባ ላይ ተገምግሜም አውቃለሁ። እንደዚያ ምስጋና ግን ያቃጠለኝ ነገር የለም። እስከ ዛሬም ያቃጥለኛል።

ትዕግሥት ማስመሪያዋን አስቀምጣ ታዳምጠኝ ነበር። «እና አስገባኸው?» አለችኝ።

«ካርዱ በአዲስ ሰርኩላር ተሽሮ ነበር» አልኳት። «በዚያው ጠዋት አንብቤዋለሁ። በራሱ ስም አዲስ ካርድ ጻፍኩለት፤ ታምሬ ያጎደለውን ቀን ሁሉ ሠርቶ ሄደ።»

ማስመሪያዋን መልሳ አነሣች። እኔም ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ወረቀት አየሁ። ሕግ ሲለዋወጥ የሚያማርር ሰው ሁልጊዜ ይኖራል፤ እኔ ግን የተለወጠውን ሕግ አልወቅስም። ተለውጦ ደርሶልኝ ነበርና።

«ያልከፈትሽው የቀረ አለ?» አልኳት።

ስልኳን አንሥታ አየች። «አንድ አለ። ሐሙስ የላኩልን ነው። ሰኞ ቢሮ ስገባ አየዋለሁ።»

«አሁን ክፈችው፣ ልጄ።»

ሳቅ ብላ ልትከራከረኝ አስባ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ግን ተወችው። ከፍታ ድምፅዋን አውጥታ ታነብ ጀመር፤ እኔም ማንጎውን እየላጥኩ እስከ መጨረሻው መስመር አዳመጥኳት።