ቤት ለድመት

ስሙኝማ፣ ጠባብ ቤት ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከአገር ከወጣሁ በኋላ ነው። የወጣሁ ለት ማታ አቃቂ በአንዷ ክፍላችን ስድስት ነበርን፦ እናቴ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሁለቱ ወንድሞቼ፣ እኔ፣ ልጄ ማህሌት፣ እሷ ብርድ ልብስ ውስጥ የደበቀቻት ድመት። ማንም ጠበበኝ አላለም።

ባጃጁ ደጅ ላይ ጡሩምባውን ሲነፋ ማህሌት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ "ስታስመጪኝ ውሮንም አይደል?" አለችኝ።

"እንዴታ!" አልኳት። አገሩን መች አውቄው።

እንግሊዝ ዝናቡ እንደ እኛ ክረምት ዘርግፎ አይገላገልም፤ ቀኑን ሙሉ ያካፋል። አረጋውያን የምንከባከብበት መሥሪያ ቤት አጠገብ ክፍል አገኘሁ። አከራዬ በሩን ከፍተው፣ "ኖ ሩም ቱ ስዊንግ ኤ ካት" ብለው ሳቁ። እኔ የገባችኝ "ካት" ብቻ ናት። ድመት አይገባም ማለታቸው መስሎኝ፣ "ድመት የለኝም፤ ያለኝ ልጅ ነው" አልኳቸው። ይባስ ሳቁና ቁልፉን ሰጡኝ።

ወዲያው ደውዬ ማህሌትን፣ "ውሮን ለጎረቤት ስጪ፤ እዚህ ድመት ክልክል ነው" አልኳት። እያለቀሰች ሰጠች።

ልጅ ለማስመጣት ቤት ማስመርመር ግድ ነበር። ሜትር ይዞ የመጣው ሰውዬ በአልጋዬና በግድግዳው መሀል በጎኑ ሾልኮ አለፈና ያችኑ ነገር ደገማት፦ ኖ ሩም ቱ ስዊንግ ኤ ካት።

"ድመቷን እኮ ሰጥተናታል" አልኩት።

"አባባል ነው" አለኝ። ድመት በጅራቷ ይዘው ቢያሽከረክሯት ግድግዳ የምትመታበት ጠባብ ቤት ማለት ነው። "ለሁለት ሰው አይፈቀድም።"

"አገሬ እኮ ይህን በሚያክል ቤት ስድስት ሆነን ነው የኖርነው!"

"እሱን ባይነግሩኝ ይሻላል" ብሎ ወጣ።

ቤቱን ድመት እያሽከረከረ የሚለካ ምን ዓይነት ሰው ነው? እኛ ፍራሽ ብቻ የምታዘረጋ ክፍል ገብተን እንኳ "ቤት ለእምቦሳ" ተባብለን ጥጃ እንድናስርባት እንመራረቃለን።

እሁድ ደወልኩ። መከልከሌን ገና አልነገርኳቸውም። እናቴ ቤቱ የተፈቀደልኝ መስሏት ደስ ብሏት፣ "ቤት ለእምቦሳ!" አለችኝ። "እምቦሳ እሰሩ" ብዬ መመለስ ነበረብኝ፤ ከአፌ አልወጣ አለ። ይሄኔ ማህሌት ስልኩን ነጠቀቻት።

"እማ፣ ውሮን እኮ ከሰጠኋት ቆየሁ። አሁን ቦታ አለ አይደል?"